«ቅጹን ሞላሁት፣ ተመካሪዋ ግን አልተመለሰችም»፦ ስለ ባዮሳይኮሶሻል ምዘና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ወር በአንድ ዐረብ አገር አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ የተመለሰች የ27 ዓመት ሴት ወደ እኔ መጣች። እንቅልፍ እንደሌላት ነገረችኝ፤ ‘ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤም ይመታል’ ትላለች። ስምንት ገጽ ያለውን የባዮሳይኮሶሻል (የአካላዊ፣ የሥነ ልቦናዊና የማኅበራዊ ሁኔታ) ምዘና ቅጽ በ50 ደቂቃ ሞልቼ ጨረስኩ። ‘አካላዊ’ በሚለው ሥር ‘የታወቀ ሕመም የለባትም’ ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ አልመጣችም። ሱፐርቫይዘሬም ምዘናዬን አይተው ‘መረጃ አለው፣ ግንዛቤ ግን የለውም’ አሉኝ። ሐኪም ሳልሆን አካላዊውን ክፍል እንዴት ልመዝን? ምዘናውስ በትክክል የሚካሄደው እንዴት ነው?»

ውድ ጠያቂ፣

የሱፐርቫይዘርዎ አስተያየት ጠንከር ያለ ቢመስልም ልክ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን ይህን ምዘና የተማርነው በሦስት ዓምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ በመሆኑ፣ ሥራው ሦስት ሣጥን መሙላት ይመስለናል። ሣጥኖቹ ሲሞሉ የሚገኘው የመረጃ ክምችት ነው። ግንዛቤ የሚባለው አንዱ ጉዳይ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትተው ማየት ነው። እንቅልፍ ማጣት በአካላዊው፣ ኀፍረት በሥነ ልቦናዊው፣ ዕዳ በማኅበራዊው ሥር ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ፤ ተመካሪዋ ግን ሦስቱን ለየብቻ አትኖራቸውም። አበዳሪው ማለዳ መጥቶ በር እንዳያንኳኳ እየፈራች ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ታድራለች፣ ስላልተኛች ቀን ራሷ ይከብዳታል፣ ራሷ ስለከበዳት ሥራ ፍለጋ አትወጣም፣ ሥራ ስለሌላት ዕዳው ይቆያል። ቅጹ ይህን ዙር የሚያሳይ ቦታ የለውም፤ ማሳየት ያለበት አማካሪው ነው።

የሐሳቡን ምንጭ በአጭሩ ላንሣ፤ ለእርስዎ ጉዳይ ይጠቅማልና። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ጆርጅ ኤንግል በ1977 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ሕክምናው በሽታን የአካል ብልሽት ብቻ አድርጎ መመልከቱ ሰውየውን ራሱን እንደሚያስረሳው ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አንድ የ55 ዓመት ሰው የገጠመውን ተረከ። ሰውየው በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ምልክት ድንገተኛ ክፍል ደርሶ መረጋጋት ከጀመረ በኋላ፣ ባለሙያዎች ከደም ቅዳው ደም ለመውሰድ ደጋግመው ሞክረው አልሳካ አላቸው። ሕመሙ በረታበት፣ በባለሙያዎቹ ላይ የነበረው እምነት ተሸረሸረ፣ ቅሬታውንም ዋጥ አድርጎ ዝም አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ልቡ መደበኛ ምቱን ስቶ ቆመ፣ በርብርብም ተመለሰ። ኤንግል ይህን የጠቀሰው የባለሙያዎች አያያዝ፣ የሰውየው ስሜትና የልቡ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሰንሰለት መሆናቸውን ለማስረዳት ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የምወስደው ሌላም ነገር አለ፦ ምርመራው ራሱ በሰውየው ሕይወት ውስጥ የተፈጸመ አንድ ክስተት ነበር። የእርስዎም ስምንት ገጽ ለተመካሪዋ እንደዚያ መርፌ ሆኖባት ሊሆን ይችላል። በተለይ በፖሊስ ጣቢያ፣ በማቆያ ወይም በአየር ማረፊያ ተደጋጋሚ ጥያቄ ቀርቦላት ከሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ዘርግቶ በተራ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚያስታውሳት መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ምዘናውን ከሁለት እስከ ሦስት ቀጠሮ ይዘርጉት፤ በመጀመሪያው ቀን ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። በዚያ ቀን ከሦስት ነገር በላይ አይፈልጉ፦ ምን አመጣት፣ ዛሬ ማታ ደኅንነቷ የተጠበቀ ነው ወይ፣ ከእኛስ ምን ትጠብቃለች። የምትናገረው ምስጢር መሆኑንና ምስጢሩ የሚያበቃበትን ወሰን፣ ማለትም ሕይወቷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ዝም ማለት እንደማይቻል፣ ከጥያቄ በፊት ይንገሯት። አጠራሩንም ይጠይቋት። እርስዎ ከእርሷ ብዙ የማይበልጡ ከሆነ «አንቺ» መባሉ ሊያቀርባት ይችላል፤ ለዓመታት በትእዛዝ ብቻ ስትጠራ ለኖረች ሴት ግን «እርስዎ» መባል ራሱ የመጀመሪያው ክብር ሊሆንላት ይችላል። አብሯት የመጣ ወንድም ወይም አክስት ካለ በአክብሮት ተቀብለው ጥቂት ካነጋገሩ በኋላ ለብቻዋ የምትቆይበት ጊዜ ይኑር፤ ይህም የማዕከሉ ደንብ መሆኑን አስቀድመው ቢናገሩ ማንም አይቀየምም። አፍ መፍቻዋ አማርኛ ካልሆነ ቤተሰብን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ዘመድ የሚያስተረጉመው የሚፈልገውን ነው።

አሁን ወደ ቃሏ እንመለስ። «ራሴን ያቃጥለኛል» ያለችውን ቅጹ ላይ «ራስ ምታት» ብለው ከጻፉት አንድ ትልቅ ፍንጭ ጠፍቷል። በአማርኛ ጭንቀትና ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚነገሩት በአካል ስም ነው፦ ራስ ይቃጠላል፣ ልብ ይርዳል፣ ሆድ ይባባል፣ ጨጓራ ይላጣል፣ ደረት ይታፈናል። ይህ ሁሉ ግን ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ እንደዚያው ስሕተት ነው፤ ጨጓራዋ በእውነትም ታሞ ሊሆን ይችላል። «ጭንቀት» የሚለው ቃልም ያስቸግራል፤ ሰዎች ሥጋትን፣ ድባቴን፣ የኑሮ ጫናን፣ አንዳንዴም የሚሰሙ ድምፆችን ጭምር በዚህ አንድ ቃል ይጠሩበታል። ስለዚህ ቃሉን እንደተነገረ ይጻፉ፣ ከዚያም «ሲያቃጥልሽ ምን ይመስላል? ከየት ጀምሮ የት ይደርሳል? ያን ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር? ማን አጠገብሽ ነበር?» እያሉ ይከተሉት። ከአንድ ቃል ተነሥተው ሦስቱንም ዘርፍ የሚነኩት እንዲህ ነው። መቼ እንደጀመረ ሲጠይቁ ደግሞ ቀን አይጠብቁ፤ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከመምጣትሽ በፊት ነው ወይስ ከመጣሽ በኋላ?» ቢሉ ከማንኛውም የቀን መቁጠሪያ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ያገኛሉ።

ሐኪም ሳልሆን አካላዊውን እንዴት ልመዝን ላሉት፣ የእርስዎ ድርሻ ምርመራ ማድረግ አይደለም፤ ሐኪም ማየት ያለበትን ነገር ሳያዩ አለማለፍ ነው። «የታወቀ ሕመም የለባትም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የሚገልጸው ጠይቆ ያወቀ አለመኖሩን ነው። ይህን የምለው ራሴ ስለወደቅኩበት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ባሏን በሞት ያጣች አንዲት እናት ስድስት ጊዜ ያህል በሐዘን ምክር አየኋት። ትከሳለች፣ አትተኛም፣ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ታሪኩ በሐዘን በጣም ስለገጠመልኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። በሰባተኛው ቀን አንዲት ነርስ ሻይ ይዛ ገብታ፣ ሴትየዋ በሙቀቱ ምክንያት ነጠላዋን ከአንገቷ ስታወርድ እንቅርቷን አየች። የታይሮይድ ዕጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ነበር። ሐዘኗ እውነት ነበር፤ የእጇን መንቀጥቀጥና ክሳቷን ሐዘኗ ብቻ አላመጣውም። የአዮዲን እጥረት ለዘመናት በኖረባቸው ደጋማ አካባቢዎቻችን እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ በነጠላ ሥር ግን በቀላሉ ይደበቃል።

የእርስዎ ተመካሪ የነገረችዎት ሁለት ምልክት፣ እንቅልፍ ማጣትና የልብ ምት፣ ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ሙቀት ትጠላለች ወይ? እየበላች ትከሳለች ወይ? የወር አበባዋ ተዛብቷል ወይ? ደም ማነስም ልብን ያስመታል፣ ያደክማል፤ ስለሆነም ድካም፣ ማዞርና ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ማጠር ይጠየቃሉ። ተመትታ ወይም ወድቃ ራሷን ስታ ታውቅ እንደሆነ መጠየቅ በቤት ሠራተኝነት ለቆየች ሴት ፈጽሞ መቅረት የሌለበት ጥያቄ ነው፤ የሚጥል በሽታም እንዲሁ። ከዚያ መድኃኒት ይመጣል። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባል ብዙ ሰው «አልወስድም» የሚለው የሚወስደውን መድኃኒት ብሎ ስለማይቆጥረው ነው፤ የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ከጎረቤት የተገኘ የእንቅልፍ ኪኒን፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የባሕል መድኃኒት በየስማቸው መጠራት አለባቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከሆነው ኢሶኒያዚድ ጋር አልፎ አልፎ የአእምሮ መዛባት ይታያል፣ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን ደግሞ በዚህ ረገድ የበለጠ ይታወቃል፤ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ ቅዠትና የስሜት መለዋወጥ ያመጣል። አማካሪው ይህን ሁሉ ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛ እንድትመጣ መጠየቅና ስሙን ጽፎ ለሐኪም መላክ ግን ይችላል።

ስለ ሱስ አስያዥ ነገሮች ሲጠይቁ የሕዝቡን ቋንቋ ይጠቀሙ። «ጫት ትቅሚያለሽ ወይ?» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምርቃናው ሲያልፍ ምን ይሰማታል፣ ለመተኛት ጨብሲ (ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ) ያስፈልጋታል ወይ፣ ያልቃመች ቀን ሐራራው እንዴት ነው? ጫት ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ይነሣል፣ ልብን ያስመታል፣ በማግስቱ ድብርት ያስከትላል፤ ለድብርቱ መጠጥ ሲጨመርበት ምልክቱ ከድባቴ ሕመም ጋር ለመለየት ያዳግታል። ቡናም ይቆጠራል። በቀን ሁለት ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣን ሴት ሌሊት ለምን አትተኛም ብሎ የልጅነት ታሪኳን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። የምግብ ፍላጎትን ሲጠይቁ ደግሞ ወቅቱን ያስቡ፤ በ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም መካከል «ምግብ ቀንሰሻል?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» የሚለው መልስ ምንም አያስረዳም። በረመዳን ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚቀየርና መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ስለሚዛወር ይህም በማስታወሻው ላይ ይግባ። አካላዊውን ክፍል የሚዘጋው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ አጭር የሪፈር ደብዳቤ ነው፦ ያዩትን ምልክት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ እንዲታሰብ የሚጠይቅ፣ ከሦስት መስመር የማይበልጥ።

ወደ ሥነ ልቦናዊው ስንመጣ ከሁሉ የሚቀድመው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙ ሰው በመጠየቁ ሸክም እንደቀለለው ይናገራል። በአማርኛ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ምነው በሞትኩ» በየዕለቱ የሚነገር እሮሮ ስለሆነ፣ ጀማሪ አማካሪ ወይ ይደነግጥበታል ወይ ከልምድ ንግግር ቆጥሮ ያልፈዋል። ሁለቱም አይሆንም። ከዚያ ቃል ተነሥቶ በደረጃ መውረድ ነው፦ «ሞት የተመኘሽበት ጊዜ አለ? ራስሽን ለማጥፋትስ አስበሽ ታውቂያለሽ? እንዴት አድርገሽ እንደሆነ አስበሽበታል? ከዚህ በፊት ሞክረሽ ታውቂያለሽ? እስካሁን የያዘሽ ምንድን ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይቅር፤ «ልጄ»፣ «እናቴ»፣ «ፈጣሪ» የሚለው መልስ የምዘናው ትልቁ ግኝት ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ከእቅድ ጋር ካለ ቀሪው ምዘና ይቆማል፤ በቤት ያሉ አደገኛ ነገሮች ከእጇ የሚርቁበት፣ አንድ የምታምነው ሰው የሚያውቅበትና በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ የምታይበት መንገድ ይመቻቻል።

በሰው አገር ያሳለፈችውን ክፉ ነገር በመጀመሪያው ቀን ለመስማት አይጣደፉ። ለምዘና የሚያስፈልገው አንድ መከራ መኖሩና ዛሬ የሚያደርስባት ነገር ነው፦ ቅዠት፣ ድንገት መባነን፣ ዐረብኛ ስትሰማ መደንገጥ፣ አንዳንድ ቦታ መሸሽ። ዝርዝሩ እርሷ ስትፈቅድና መንገዱን ስትመርጥ ይመጣል። እኔ የምጠቀምበት ቃል፣ «እዚያ የሆነውን ሁሉ ዛሬ መንገር አይጠበቅብሽም፤ እንዳይረብሽሽ የርእሱን ስም ብቻ ብትነግሪኝ ይበቃኛል» የሚል ነው። በዚያው ሰዓት ዓይንዎ ሌላ ሥራ ይሠራል። አለባበሷ፣ የንግግሯ ፍጥነት፣ ስሜቷ ከምትናገረው ጋር መግጠሙ፣ ቀንና ቦታ ማወቋ፣ ስለ ችግሯ ያላት ግንዛቤ፣ እነዚህ የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ የሚባለው ክፍል ናቸውና ያለ አንድ ጥያቄ ግማሹ ይሞላል። ዓይን አለማየቷን «ከሰው ትሸሻለች» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ግን አስተዳደጓ ትልቅ ሰውን አተኩሮ ማየት ነውር እንደሆነ ያስተማራት መሆን አለመሆኑን ያስቡ።

ቤተሰቧ ነገሩን ዛር፣ ዓይነ ጥላ ወይም መተት ብለው ሊሆን ይችላል፤ ጸበል ሄዳ ወይም ሼኽ ዘንድ ተቀርቶላት ሊሆን ይችላል። ይህን በማፌዝም ሆነ በመስማማት ሳይሆን ለመስማት ይጠይቁት። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ላይ ባሕልን የሚመለከት 16 ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ዋናዎቹ በእኛ አፍ ሲነገሩ «ቤተሰብሽ ይህን ምን ይሉታል? አንቺስ ምን ትይዋለሽ? ከምን የመጣ ይመስልሻል? ምንስ ረድቶሻል?» ናቸው። ከጸበሉ ጋር ሌላ ጥያቄ አለ፤ የጀመረችው መድኃኒት ካለ እዚያ ስትሄድ አቁማዋለች ወይ? ሁለቱ ሳይጋጩ እንዲሄዱ ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር ይቻል እንደሆነ ከእርሷ ጋር መምከር ከክርክር የበለጠ ይሠራል።

ማኅበራዊው ክፍል በቅጹ ላይ ቀላሉ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ለእርስዎ ተመካሪ ከሁሉም የከበደው እርሱ ነው። «ከቤተሰብሽ ጋር እንዴት ነሽ?» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» ትላለች፤ ሌላ ብትል ነውር ነው። የማይሸሸግ ዝርዝር ይጠይቁ፦ «ትናንት ማታ እራት ከማን ጋር በላሽ? የምትተኚው የት ነው? ታመሽ ብትተኚ ውኃ የሚያቀብልሽ ማን ነው? ስልክሽን ማን ያነሣዋል?» ስለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ለጉዞው የተሸጠ በሬ ወይም የተበደሩት ብር አለ ወይ? ደላላው ተከፍሎት አልቋል ወይ? አራት ዓመት የላከችው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ፣ ቤት ተሠርቶ በወንድም ስም ሆነ፣ ወይም ለእኅት ትምህርትና ለአባት ሕክምና አለቀ የሚል ነው። ልጅቷ ባዶ እጇን ስትመለስ የቤተሰቡ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ይጎዳል፤ እርሷም ቅሬታዋን ለመናገር ይሉኝታ ይይዛታል። የተመለሰችበትም መንገድ ይለያያል፤ ውሏን ጨርሳ፣ ከአሠሪ ጠፍታ ወይም ተይዛ መመለስ አንድ አይደሉም። ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን እንኳ ሳይቀበሉ ነበር የተጫኑት። እድር፣ እቁብ፣ የጽዋ ማኅበር፣ አብራት የተመለሰች ጓደኛ፣ እነዚህ ደግሞ በጎ ጎን ናቸውና በዚያው ገጽ ላይ ይግቡ። ሦስት ትውልድ የሚያሳይ የቤተሰብ ካርታ አብራችሁ በወረቀት ብትስሉ፣ በቃል የማትናገረውን በእርሳስ ስታሳይ ያገኟታል፤ እኔ ይህን የማደርገው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው።

የመመዘኛ መጠይቆችን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። ድባቴን የሚለካው ባለ ዘጠኝ ጥያቄው ፒኤችኪው-9 በአማርኛ ተተርጉሞ ተፈትሿል፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሾች ላይ የተደረገው ጥናት 10 ነጥብን ድባቴ ያለበትን ሰው ለመለየት ተስማሚ ወሰን አድርጎ ሲያገኘው፣ በቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች የተደረገው ደግሞ 5ን የተሻለ አድርጎታል። አንድ ቁጥር በአንድ ቦታ ያለው ትርጉም በሌላው ቦታ አንድ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ነጥቡን ይጻፉ፣ ግን ከተመካሪዋ ቃል በኋላ። ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ በሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ የተለየ መልስ ካለ ወረቀቱን አስቀምጠው ይነጋገሩ።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሱፐርቫይዘርዎ ያጡት ነገር ይመጣል፤ እርሱም ትንታኔው ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት መንገድ አራት ጥያቄ አለው፦ ለችግሩ ያጋለጣት ምንድን ነው፣ የቀሰቀሰው ምንድን ነው፣ እንዳይለቃት ያቆየው ምንድን ነው፣ ከጉዳት የሚጠብቃትስ ምንድን ነው? አራቱ ከሦስቱ ዘርፍ ጋር ሲጣመሩ 12 ሣጥን ይሆናሉ፤ እንደገና ሣጥን መሙላት ውስጥ እንዳይገቡ እለምንዎታለሁ። የባዮሳይኮሶሻል ሞዴል «ሁሉም ነገር አስፈላጊ ነው» ብሎ ከምን መጀመር እንደሚገባ አይናገርም ተብሎ የሚተቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ያጋለጣትንና የቀሰቀሰውን መመለስ አይቻልም፣ ያቆየውን ግን መንካት ይቻላል። እርስዎ የነገሩኝ ጥቂት በመሆኑ የጎደለውን በግምት ሞልቼ፣ ትንታኔው ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይዎት፦

«ተመካሪዋ ከተመለሰች ወዲህ ለሰባት ወራት የቆየ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምትና ‘ራሴን ያቃጥለኛል’ የምትለው ስሜት አለባት። የታላቅ ልጅ ኃላፊነት ከልጅነቷ ጀምሮ የራሷን ችግር ዋጥ አድርጋ ማለፍን አስለምዷታል። ምልክቱ የበረታው የላከችው ገንዘብ ማለቁን ባወቀችበት ሳምንት ነው። ማታ ማታ ስለ ዕዳው ታስባለች፤ እንቅልፍ እንቢ ሲላት ቀን ትተኛለች፣ ነቅታ ለመዋል ቡና ታበዛለች፣ ከሰው ትሸሻለች፤ መሸሿ ቤተሰቡ ‘ኮርታ መጣች’ እንዲላት አድርጓል፣ ይህም ኀፍረቷን ጨምሮታል። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ውጤት እየተጠበቀ ነው፤ ውጤቱ ይህን ትንታኔ ሊለውጠው ይችላል። ራሷን የማጥፋት እቅድ የላትም። አብራት የተመለሰች ጓደኛዋ በየሳምንቱ ትጠይቃታለች፤ የልብስ ስፌት ሙያም አላት። ሥራው ከእንቅልፍ ሰዓት፣ ከቡናና ከዕዳ ክፍያ ድርድር ይጀምራል።»

ይህ ከስምንት ገጽ ይልቅ ለቀጣዩ ባለሙያ ይጠቅማል፤ ከምን እንደሚጀመርም ይናገራል። ከመዝገቡ በፊት ግን በቀላል አማርኛ ለራሷ ያንብቡላት። «ልክ ነው?» ካሏት በይሉኝታ «አዎ» ትላለች። «ያጋነንኩት ወይም የረሳሁት አንድ ነገር ንገሪኝ» ቢሏት ግን የማረም ፈቃድ ይሰጧታል። «ኮርታ መጣች የሚለው አባቴ እንጂ እናቴ አይደለችም» ስትል፣ ትንታኔው ያን ጊዜ የእርሷ መሆን ይጀምራል።

የቀረው የጠፋችው ተመካሪ ጉዳይ ነው። ለመደወል ቀደም ብሎ ፈቃድ ሰጥታ ከሆነ አንድ ጊዜ ይደውሉ። ስልኩ የወንድሟ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሰው ካነሣው የማዕከሉን ስምና ጉዳይ ሳይጠቅሱ በስምዎ ብቻ በኋላ እንደሚደውሉ ይናገሩ። እርሷ ካነሣችው ለምን እንደቀረች አይጠይቋት። «ባለፈው ብዙ ጠየቅኩሽ፣ አንቺ ግን ጥቂት ነው የተናገርሽው፤ ብትመጪ በዚህ ጊዜ ወረቀት አልይዝም» ይበሏት። የልቧን ምት በተመለከተ ጤና ጣቢያ እንድትታይ የሚል ደብዳቤ እንዳዘጋጁላት ጨምረው ይንገሯት፤ ወደ እርስዎ ባትመለስ እንኳ ደብዳቤውን ከእንግዳ መቀበያ መውሰድ ትችላለች።